እንግዳ በልክ አይሰፋም

«አዳራሹ የሚይዘው 300 ሰው ነው፤ እንግዳው በአዳራሹ ልክ ይቀነስ።»

ይህን ያለው ለሠርጉ ዝግጅት ከባሕር ማዶ የመጣው የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ነው። ያለውም እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተደላድሎ፣ የሙሽራዋ እናት ያፈሉትን ቡና እየጠጣ ነው። ስልኩን ዘርግቶ የሠርግ ቦታ አመራረጥ ዝርዝር ያነብልን ነበር፤ መኪና ማቆሚያ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ለፎቶ የሚሆን ብርሃን፣ የመያዝ አቅም። አራተኛው ላይ ሲደርስ ያቺን ቃል ጣላት። እናትየዋ ቶናውን ሊቀዱ ያነሡትን ጀበና መልሰው አስቀመጡ። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔ ጎረቤትና ቡና ጠጪ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ሲያንገበግበኝ ከርሞ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ገዳሪፍ ውስጥ «ስንት ይይዛል?» ተብሎ የሚጠየቅለት አንድ ሕንፃ አውቃለሁ፤ ሶቪየቶች የሠሩት የእህል ሳይሎ። 100 ሺህ ቶን ይይዛል። ማሽላ በልክ ይከተታል፣ የተረፈው ደጅ ተከምሮ ሸራ ይለብሳል። ወንድማችን ሠርጉን ከሳይሎው ጋር ሳያምታታው አልቀረም። እንዲያውም ሳይሎው ይሻላል፤ አዝመራው በተትረፈረፈበት ዓመት ማንም ገበሬውን «ማሳህን በሳይሎው ልክ ቀንስ» ሲለው አልሰማሁም።

የከነከነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ሰው! እኛ የምናውቀው ሠርግ ከሰው ነው የሚነሣው። ጭልጋም ሆነ ደምቢያ ሴት ልጅ ልትዳር ነው ሲባል እናት ጣቷን ታጥፋለች፤ የማንን ልጅ ሠርግ በላን? ክርስትና ማን አነሣልን? በለቅሶ ቀን ማን አብሮን አደረ? ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ነው ባላ የሚቆረጠው፣ ምሰሶ የሚተከለው፣ ሸራው የሚወጠረው። ሰው ከተገመተው በላይ ከመጣ ሌላ ሸራ ይቀጠላል፣ ከጎረቤት አግዳሚ ይጎተታል። ዳስ ግድግዳ የለውም፤ የሌለውም ገንዘብ አጥሮ አይደለም።

ሱዳኖቹም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። የሠርግ ድንኳናቸውን፣ ሲዋኑን፣ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ማዶው አጥር ድረስ መንገዱ ላይ ይተክሉታል። መንገዱ ይዘጋል፤ የረክሻው ሾፌር ሠርግ መሆኑን ሲያይ ሳያጉረመርም ይዞራል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ የሚያድረው ጎረቤት ቤት ነው፤ አንገረቡ ሁሉ ከየቤቱ ተለቅሞ ግቢ ውስጥ ይደረደራል። የገዳሪፍ ሐበሻ ዳስንም ሲዋንንም ወርሶ የሚኖር ሰው ነው። አሁን ሁለቱንም ጥሎ ካርድና በረኛ ይግዛ ይባላል።

እስቲ ይቀነስ እንበል። ማን ይቀነስ?

መጀመሪያ የምትሰረዘውን እኔ ልንገራችሁ። ሱቅ ደጃፍ ከዛፍ ሥር ሻይና ቡና የምትሸጠው ሴት ናት። ሙሽራዋ ትምህርት ቤት ስትገባ የመጀመሪያውን ዕቁብ ለእናትየዋ የለቀቀችው እሷ ናት። አዳራሽ የሚገባበት ቀሚስ እንደሌላት ስለምታውቅ ካርድ ቢደርሳትም ልትቀር ትችላለች፤ ዳስ ቢሆን ኖሮ ግን ከሦስት ቀን በፊት መጥታ ሽንኩርት እየላጠች ታድር ነበር። ቀጥሎ የሚሰረዘው የድንበር ከተማዋ የጋላባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እሱ ዘመድ አይደለማ። በእሱ መኪና ላይ ስንት መልእክት፣ ስንት በርበሬና ሽሮ፣ ስንት ታማሚ እንደተጓዘ ከስልኩ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ከበለሳና ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚሁ የቀሩት ጎረምሶችስ? አባትየው «ልጆቼ» ነው የሚሏቸው። በአዳራሽ ቋንቋ ግን «ያልተጠሩ» ናቸው።

ከሁሉም ከሁሉም ግድግዳ ተጋሪያቸው ሐጃ አሉ። አባትየው በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተይዘው የታሰሩ ዕለት፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄደው «ይህ የእኔ ጎረቤት ነው» ብለው ያስፈቱ ሴት ናቸው። ወንድማችን በቸርነቱ ለሐጃ አንድ ካርድ ፈቅዷል። አንድ! ሐጃ ቤት ሰባት ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ከካርቱም የሸሹ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። ምሽት ላይ ሁሉንም አስቀምጠው ብቻቸውን ለብሰው ሊወጡ ነው?

አባትየው እዚህ አገር የገቡት በ1969፣ ኢዲዩና ደርግ መተማና ሁመራ ላይ ሲዋጉ ነው። ማን ካርድ ልኮላቸው ነበር? ገዳሪፍ የመያዝ አቅሟን አይታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትዳር ሴት ልጅ ባልኖረች።

ኡም ራኩባን የማያውቅ የገዳሪፍ ሐበሻ የለም። ራኩባ በሱዳኖች አነጋገር እንጨት ተተክሎ ሣር የሚለብስ ጥላ ነው፤ በእኛ ዳስ። ኡም ራኩባ «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የተሰደደው ሕዝብ፣ ቤተ እስራኤሎቹም በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ከመወሰዳቸው በፊት፣ የተጠለሉባት ናት። በኅዳር 2013 የትግራይን ጦርነት የሸሸው ሰው ተከዜን ተሻግሮ ሲመጣ እንደገና ተከፈተች። ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ፤ ከካርቱም፣ ከወድ መደኒ፣ ከሲንጃ የፈለሰው ሕዝብ ገዳሪፍ ላይ ፈሰሰ፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ መጠለያ ሆነ። ይህች ከተማ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዳስ ስታሰፋ ነው የኖረችው። እዚህ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በዚህ ሰዓት፣ «እንግዳ ይቀነስ» ለማለት ልዩ ድፍረት ያስፈልጋል። ወይም ትናንት የገባ መሆን ያስፈልጋል፤ ወንድማችን ሁለቱንም አሟልቷል።

የወንድማችን ሁለተኛ ምርጫ ደግሞ ጎንደር ነበር። ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ጠዋት ፋሲል ግንብ ፎቶ፣ ማታ መብራት። ጎንደር ያምራል፤ ጎንደርን አታምርም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ግን ሙሽራዋ ያደገችው ግንቡ ሥር አይደለም። ደግሞስ ማን ነው የሚሄደው? ድንበሩ ላይ ጋላባትንና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝና ድልድይ ነው፤ በካርታ ላይ ላየው ሰው ከገዳሪፍ ጎንደር ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚገባበት ነው። የስደተኛ ካርድ የያዘ ሰው ግን ያንን ድልድይ ለሠርግ ተሻግሮ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ለወንድማችን አልተነገረውም። የሸህዲና የአይከል መንገድ የቱ ቀን ክፍት፣ የቱ ቀን ዝግ እንደሚሆን የሚያውቅ ካለም ይንገረን። ጎንደር የሚደገሰው ሠርግ አየር ማቀዝቀዣው ደኅና ይሠራል፤ የሚቀዘቅዝለት ሰው ነው የሚጠፋው።

ሕጉ እንኳ ከዝርዝሩ የተሻለ ሰው ያውቃል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ የት ይሁን ሲል የሚጠይቀው ከተጋቢዎቹ ወይም ከወላጆቻቸው ወይም ከቅርብ ዘመዶቻቸው አንዱ ቢያንስ 6 ወር የኖረበትን ቦታ ነው። መኪና ማቆሚያ አይልም። የፎቶ ብርሃን አይልም። የት ትኖራላችሁ ይላል። እነዚህ ሰዎች ገዳሪፍ ውስጥ የኖሩት ስድስት ወር ሳይሆን ወደ ሃምሳ ዓመት ነው።

ሠርጉ ለጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ጌታ ሠርግ ቤት መገኘቱ የሚታሰብበት ቀን። ታሪኩን ሕፃን ያውቀዋል፤ ድግሱ መሐል ወይኑ አለቀ። ወንድማችን እዚያ ቢኖር መፍትሔው ቀላል ነበር፤ «እንግዳ በወይኑ ልክ ይቀነስ» ብሎ በረኛ ያቆም ነበር። እመቤታችን ግን «እነዚህን ውጡ በሏቸው» አላለችም፤ ወይን እንዳለቀባቸው ነው ለልጇ የነገረችው። የተጨመረው ወይኑ ነው። ይህን እያስቀደስን አድገን የፎቅ አዳራሽ ስናይ እንዴት እንደሚጠፋብን አይገባኝም።

«ሴቶቹ ይደክማሉ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይደክማሉ። ወንዶቹ ይነሡና ሽንኩርት ይላጡ። ሚዜ ነን ብለው ሱፍ ለብሰው ለሳምንት የሚንጎራደዱት ጎልማሶች ውኃ ቢቀዱ፣ ድስት ቢያጥቡ ማን ከለከላቸው? ለሴቷ ድካም አዝነናል የሚሉ ሰዎች ሁሉ መድኃኒቱ ሴቷን ከነጎረቤቷ ከሠርጉ ማስወጣት ሆኖ የሚታያቸው ለምን እንደሆነ ይመርመሩልኝ።

ስለ ጠላው ጉዳይ ብዙ አልናገርም። ሱዳን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1983፣ ከኒሜሪ የመስከረም ሕጎች ወዲህ፣ የሐበሻ ጠላ በጓዳ ነው የኖረው፤ በ2020 ሙስሊም ላልሆነው ሕጉ ሲላላ እንኳ ከጓዳ የመውጣት ልማድ አላዳበረም። ግቢ ጓዳ አለው። አዳራሽ ጓዳ የለውም። አዋቂ ይህን ከሰማ ይበቃዋል።

ሌላም አለ፤ ሰዓቱ። የአዳራሹ ውል በሰዓት ነው፣ ሲያልቅ መብራት ይጠፋል። የገዳሪፍ ስም ከየት መጣ ቢባል የአገሩ ሰው «ጉዳዩን የጨረሰ ይነሣ» ከሚል የገበያ ጥሪ ነው ይላል። ጥንት ሱቅ አቡ ሲን የሚባል የገበያ ቦታ ነበርና ለነጋዴ ያምርበታል፤ ሸጦ ገዝቶ የጨረሰ ምን ያደርጋል፣ ይነሣ። የሠርግ እንግዳ ግን ጉዳይ የለውም። የመጣው ሊቀመጥ ነው። ሽማግሌው ወዳጁን ካየ ስንት ዓመት ሆኖት፣ ገና የማን ልጅ እንደሆነ እየተጠያየቁ፣ ወንበር መሰብሰብ የጀመረ ልጅ ከኋላው ሲቆም «ይነሣ» ተባለ ማለት ነው። እኔ ባለፈው ዓመት በአንድ አዳራሽ ሠርግ ላይ ቅልጥሙን ይዤ ወንበሬ ከሥሬ ተወስዷል። አዳራሹን አልጠራውም፤ ወንበሩን የወሰደው ልጅ ግን እስካሁን ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ አላየውም።

አንዳንዱ ደግሞ ጊዜው ተለውጧል፣ አዲስ አበባን እዩ ይላል። አይተናል። አዲስ አበባ ሙሽራው ከመናፈሻ ወደ መናፈሻ፣ ከጊዮን ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ወዳጅነት ሲዞር ውሎ እንግዳው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ሲያይ ይውላል። አዲስ አበቤ ግቢ ጠቦት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዳስ መትከያ አጥቶ ነው፤ ይቅር እንለዋለን። የገዳሪፉ ቤት ግን ግቢው እህል የሚሰጣበት ነው። ጥር ደግሞ ኸሪፉ፣ ክረምቱ፣ ያለፈበት፣ ያ እግር የሚይዝ ጥቁር ዋልካ የደረቀበት፣ ዝናብ የማያሰጋበት ወር ነው። ጣሪያ ፍለጋ መንከራተትን ምን አመጣው?

ያን ዕለት ጠጪው ቡናውን ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ እናትየዋ እስከ በሩ ሸኙኝ። ስለ አዳራሹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ብቻ «ያንተ ሸራ አሁንም አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳልፍ የሐጃ ልጆች በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን የጡብ አጥር ከበሩ ወገን ጀምረው ሲያፈርሱ አገኘኋቸው። ጡቡን አያባክኑትም፤ ምድጃ እንዲሆን ለወጥ ቤቱ ጥግ እየደረደሩት ነበር። ሐጃ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ እያሉ ያዝዛሉ። ወንድማችን ስልኩን ይዞ ፍርስራሹ ላይ ቆሟል። ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን እያሰላ ነበር።