ኮምፒዩተር ታድሶ ሞኒተሩ የጨለመ እንደ ሆነ

በዛሬ ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር እንደ ሣጥንና እንደ መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። የቤት ውል ግልባጭ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በእርሱ ተቀምጧል። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ነገር የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የቤት አስተዳዳሪም ጉዳይ ነውና፣ ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ ስለሚያስጨንቅ አንድ ችግር ጥቂት ምክር ልናቀርብ አሰብን።

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስለ አቆመ፣ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጓል። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ግን አንዳንዱ ሞኒተር ፈጽሞ ይጨልማል፤ አንዳንዱም ፊደሉን አግዝፎና አደብዝዞ ያሳያል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰው ይደነግጣል፤ ንብረቱ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ሞኒተር የሚያሳይ እንጂ የሚያስቀምጥ አይደለም። መስኮት ቢዘጋ የቤቱ ዕቃ እንደማይጠፋ፣ ሞኒተር ቢጨልምም በዲስክ ላይ ያለው አይጠፋም።

የሚያጠፋው ችኮላ ነው። አንዲት የምናውቃቸው እመቤት ሞኒተራቸው ቢጨልም ኮምፒዩተሩን ለአንድ ጠጋኝ ሰጡ። ጠጋኙም ምክንያቱን ሳይመረምር ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነው። ሞኒተሩ በራ፤ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ ግን ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። እንዲህ ያለው ሐዘን እንዳይደርስ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ መመርመር ይገባል።

አንደኛ፤ መታገሥ ነው። ዊንዶውስ በሚታደስበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይነሣል፤ ሞኒተሩም በየመካከሉ ይጨልማል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሥራው አላለቀምና ማጥፋት አይገባም።

ሁለተኛ፤ ገመዱን መመልከት ነው። ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ካሳየ፣ እርሱ ራሱ ደኅና ነው፤ ምስል ግን አልደረሰውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅሎ አጥብቆ መሰካት ነው። ኮምፒዩተሩ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ያለው እንደ ሆነ፣ ገመዱ የሚሰካው በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ አይደለም። በሞኒተሩም ቁልፍ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ተብሎ የተመረጠው ከተሰካው ገመድ ጋር መስማማቱን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ በቁልፍ ሰሌዳ መሞከር ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ጋር ባንድነት ቢጫኑ፣ የምስሉ ክፍል እንደ ገና ይነሣል፤ አጭር ድምፅም ይሰማል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር መጫን ደግሞ ምስሉ ወደ ሌላ ሞኒተር ሄዶ እንደ ሆነ ለመመለስ ይረዳል።

አራተኛ፤ ምስሉ መጥቶ ፊደሉ የገዘፈና የደበዘዘ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድራይቨር የተባለው ነው። ድራይቨር በዊንዶውስና በግራፊክስ ካርዱ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚቆም ነው። አዲስ ሹም በመጣ ጊዜ የቀድሞው አስተርጓሚ ቋንቋውን ባያውቅ ጉዳይ እንደሚበላሽ፣ አሮጌው ድራይቨርም ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ላይግባባ ይችላል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ቢገኝ፣ ትክክለኛው አስተርጓሚ ጠፍቶ ጊዜያዊው ቆሟል ማለት ነው። መድኃኒቱም ከካርዱ ሠሪ ማለት ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ ለዊንዶውስ 11 የተዘጋጀውን አምጥቶ መጫን ነው። ከዚያም በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «ሪኮመንድድ» የተባለውን መጠን መምረጥ ነው። አዲሱን መጠን ሞኒተሩ ባይቀበለውና ቢጨልም፣ ምንም ሳይነኩ 15 ሰከንድ ቢቆዩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

አምስተኛ፤ ይህ ሁሉ ባይረዳ በሴፍ ሞድ መግባት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዊንዶውስ እንደ ጀመረ የማብሪያውን ቁልፍ ይዞ ማጥፋት፤ ይህንኑ ሁለት ጊዜ አድርጎ በሦስተኛው ማስነሣት ነው። በዚህ ጊዜ የጥገናው ገጽ ይመጣል። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ብሎ፣ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ 4 ቁጥርን መጫን ነው። ከገቡም በኋላ በዲቫይስ ማኔጀር ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መመለስ፣ መመለሻው የማይሠራ ቢሆን አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ቢቀመጥ መልካም ነው።

በመጨረሻም ከታደሰ 10 ቀን ያላለፈ እንደ ሆነ፣ በሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ ከተባለው ስፍራ «ጎ ባክ» ብሎ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የቀድሞው ፋይል ስለሚጠፋ በሩ ይዘጋል። ዊንዶውስ 10ም መደበኛው ድጋፍ የቀረበት ስለ ሆነ፣ ይህ ማረፊያ እንጂ መኖሪያ አይደለም።

ወደ ጠጋኝ መሄድ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፣ «ሞኒተሩን አብራልኝ» ብቻ ብሎ መስጠት አይበቃም። «አስቀድመህ በዲስኩ ያለውን ሁሉ በሌላ ዲስክ ገልብጥ፤ ሳትጠይቀኝም ፎርማት አታድርግ» ብሎ በግልጽ መናገር፣ ቢቻልም በጽሑፍ ማስፈረም ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ ገና ያላሳደገ ሰው ሥራውን ሳይጀምር የቤቱን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ገልብጦ በሌላ ስፍራ ቢያኖር ነው። በጽሕፈት ቤት ያለን ሰዎች ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ከእጃችን እንዲወጣ አንፈቅድም፤ የቤተ ሰብ መዝገብም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም።