ነርሷ «ይቁሙ» ስትል

ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሴንትራል ላይን የሚባለውን ካቴተር የሚያስገባ ሐኪም ሊያደርጋቸው የሚገቡ አምስት ነገሮችን አንድ ወረቀት ላይ አሰፈረ። እጅህን ታጠብ። የሕመምተኛውን ቆዳ ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ አጽዳ። ሕመምተኛውን ከጀርም በጸዳ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ሸፍን፤ አንተም ቆብ፣ ማስክ፣ ጋውንና ጓንት ልበስ። ከተቻለ በብሽሽት በኩል አትግባ። ካቴተሩ የማያስፈልግ ከሆነ ንቀል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ባልደረቦቹ «ይሄንን ለእኛ ነው የምትነግረን?» ብለው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም ነበር።

ነርሶች ለአንድ ወር ሐኪሞቹን ሲከታተሉ ግን ከሕመምተኞቹ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ተዘልሎ ተገኘ። ያውም በዓለም ስሙ በተጠራ ሆስፒታል።

ሴንትራል ላይን የሚባለው ካቴተር በአንገት፣ በደረት ወይም በብሽሽት በኩል ወደ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል። በጠና ለታመመ ሰው መድኃኒቱም፣ ፈሳሹም፣ አንዳንዴ ምግቡም የሚገባው በእሱ ነው። ችግሩ ቆዳ ላይ በሰላም ይኖር የነበረ ባክቴሪያም ያንኑ መንገድ ማግኘቱ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ንፍጥ መሰል ሽፋን ይሠራል፣ ውስጡም ይሸሸጋል። እዚያ ደግሞ አንቲባዮቲክ እንደልቡ አያገኘውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቱቦው ራሱ ተነቅሎ መጣል አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገምተው፣ በዚህ መንገድ ደማቸው ከተመረዘ 100 ሰዎች ከ12 እስከ 25 የሚሆኑት ይሞታሉ። ሰውየው ሆስፒታል የገባው በሌላ ሕመም እንደነበር ልብ ይሏል።

ፕሮኖቮስት ቀጥሎ ያደረገው ነገር ከወረቀቱ ይበልጣል። ሐኪሙ አንዱን ነገር ከዘለለ ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም አስተዳደሩን አስፈቀደ። ለካቴተር የሚያስፈልገው ዕቃም በየመደርደሪያው መፈለጉ ቀርቶ በአንድ ጋሪ ላይ ተሰበሰበ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ለኖረ ሰው የዚህ ፈቃድ ክብደት አይጠፋውም። ሲኒየር ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ መርፌውን ይዟል፤ ተለማማጆቹ ዙሪያውን ቆመዋል፤ አንዲት ወጣት ሲስተር «ዶክተር፣ ይቁሙ፣ ጨርቁ እግራቸውን አልሸፈነም» ትላለች። ይህች ሲስተር ነገ በፈረቃዋ ላይ ምን እንደሚደርስባት ካላወቀች ዝም ትላለች። ባልቲሞር ላይም ዝም ይባል ነበር።

ዘዴው ወደ ሚቺጋን ግዛት ሲሻገር ውጤቱ በቁጥር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ካቴተር በሕመምተኛ ላይ በቆየበት በየ1000 ቀን በአማካይ 7.7 የነበረው የደም ኢንፌክሽን በ18 ወር ጊዜ ውስጥ ወደ 1.4 ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፣ ውድ ማሽንም አልተገዛም። በጊዜው ከሚቺጋን ክፍሎች ሲሶ በማይሞሉት ብቻ ነበር ክሎርሄክሲዲን የሚገኘው፤ ለየክፍሉ የተመደቡት የሆስፒታል ኃላፊዎች ጉድለቱን በዓይናቸው ሲያዩ በሳምንታት ውስጥ አስመጡት።

እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ተመሳሳይ ዘመቻ አካሄደች። ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ነገር ግን ዘመቻው ገና ባልደረሰባቸው ክፍሎችም እየቀነሰ ስለነበር ምስጋናው የዘመቻው ነው ማለት አልተቻለም። ተመራማሪዎች ቀርበው ካዩዋቸው 19 ክፍሎች በአብዛኞቹ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር፤ ብዙዎቹ ከላይ እንደወረደ ትእዛዝ ነበር የተቀበሉት። ቅጽ መሙላትና ሐኪምን ማስቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተገኘው ድልም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል፦ ኮቪድ ሆስፒታሎችን ባጨናነቀበት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ይኸው ኢንፌክሽን ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በግማሽ ያህል ጨምሮ ነበር።

ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው፤ የቧንቧ ውሃ በተቋረጠበት ዋርድ ነርስን ስለ እጅ መታጠብ መገሠጽ ነውር ነው። ቢሆንም ካቴተር የባልቲሞር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም በአንገቱ ላይ በተተከለ ካቴተር የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሕመምተኛ አለ። ግሉኮስ ለማድረግ እጅ ላይ የምትሰካው ካኑላም የዚያው ቤተሰብ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ስለዚህች ትንሽ ቱቦ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መመሪያ ሲያወጣ፣ ተኝተው ከሚታከሙ ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት እንደሚሰካላቸው ገልጿል። ክሎርሄክሲዲንም ቢሆን ለኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ እንግዳ አይደለም፤ የአራስ ሕፃን እትብት የሚቀባው እሱ ነው።

መድኃኒቱ ወደ እንክብል ከተቀየረ በኋላ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ እጅ ላይ የሚቀር ካኑላ የትም አገር አለ። እሱን ለመንቀል በጀት አያስፈልግም። አስታማሚ ቤተሰብ «ሲስተር፣ ይቺ ነገር ዛሬም ታስፈልገዋለች?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ የሚጠየቁትም በቁጣ ባይመልሱ ደግ ነው።

ትልቁ ሸክም ግን የአስታማሚ አይደለም፤ የነርሷም አይደለም። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ሁለት ነገር ማድረግ አለባቸው። አንደኛው፣ ነርስ የካቴተር ሥራ ማስቆም እንደምትችልና በዚህም እንደማትጠየቅ በፊርማቸው አጽድቀው ዋርዱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሁለተኛው፣ ሌሊት ላይ ጓንት ወይም ክሎርሄክሲዲን ሲያልቅ የምትደውልበትን የኃላፊ ስልክ ቁጥር ከሥሩ ይጻፉ፤ ስልኩም ይነሣ።