በክረምት ልጆችን ይዞ ወደ ጣና ገዳማት

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ባሕር ዳር ያሉትም ሆኑ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ቤተሰቦች አንድ ሐሳብ ያነሣሉ፤ ልጆቹን በጀልባ ወስደን የጣናን ገዳማት እናሳያቸው ወይስ ይቆይ? በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንኳ መልሱ ይለያያል። የአካባቢው ጸጥታ ለጉዞ የማይመች ከሆነ ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ሰላም በሆነበት ጊዜ ግን ሁለቱም ወገን የሚለው በቀላሉ የሚጣል አይደለምና ረጋ ብሎ ማየቱ ይሻላል።

እንሂድ የሚሉት ዋና ምክንያታቸው ልጅ ያየውን አይረሳም የሚል ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። በላዔ ሰብ ለተጠማው ድሃ ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ የሚያሳየውን ሥዕል ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ እየተከተለ ይረዳዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ዘጌ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ ምድር እንጂ ደሴት አይደለም፤ ይሁንና ብዙ ጎብኚ የሚደርሰው በጀልባ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት በሬ ተጠምዶ ስለማይታረስበት የቡናው ጫካ ዛሬም አለ። የሃይማኖት ሥርዓት ደን ሲጠብቅ በዓይን ማየት ከማንኛውም የክፍል ትምህርት የበለጠ ሊያስረዳ ይችላል። ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች ደግሞ ዕድሉ ምናልባት በጥቂት ዓመታት አንዴ የሚገኝ ነው።

ይቆይ የሚሉትም ቢሆኑ ቅርስ ጠል አይደሉም። እነሱ የሚሉት ገዳም መናፈሻ አይደለም ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ነው፤ መነኮሳቱ ብቻ ሳይሆኑ ከየአገሩ የመጡ ምእመናን ሱባኤ ይዘው ይሰነብታሉ። በዚህ መሃል ልጅ ሲሯሯጥና አስጎብኚ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስረዳ የሚረበሽ ሰው መኖሩ አይቀርም። በሌላ በኩል የመግቢያው ክፍያ ለገዳማቱ ገቢ ነው፤ ጎብኚ ከነጭራሹ ይቅር ማለትም እነሱን ዋጋ ያስከፍላል። በእኔ አስተያየት የሚያስቸግረው የእንግዳው መምጣት ሳይሆን የሚመጣበት ጊዜና ሁኔታ ነው።

ከሁሉ ከባዱ የሴቶች ጉዳይ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ያረፈው ዳጋ ላይ ስለሆነ ብዙ አባቶች ልጆቻቸውን ሊያሳዩ የሚጓጉት ያንን ነው። ነገር ግን ወንድሟ ሲገባ እሷ ጀልባው ላይ የቀረች ልጅ ቅር ቢላት አይፈረድባትም። ሥርዓቱ የመነኮሳቱ ነው፣ እንግዳ የቤቱን ሕግ ያክብር የሚሉትም እውነት አላቸው፤ ማኅበሩ ሕጉን ይዞ የኖረው ዘመናትን ተሻግሮ ነው። ሁለቱን ወገን ማስታረቅ የቤተሰቡ ድርሻ አይመስለኝም። መድረሻውን መምረጥ ግን ይችላል። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ፣ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አቅራቢያ ያለችው ደብረ ማርያም፣ የዘጌዎቹም ለሁሉ ክፍት ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ሴት ይገባበታል፤ እሱ ያለበት ደቅ ደሴት ግን ሰዓታት የሚፈጅ የጀልባ መንገድ ስላለው ከትንንሽ ልጆች ጋር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አድካሚ ነው።

የአየሩን ነገር በተመለከተ ጥንቃቄ የሚሉት ያመዝናሉ። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፣ በክረምት ደግሞ ዝናብና መብረቅ ይጨመርበታል። ክረምቱ ሁሉን አረንጓዴ ማድረጉ እውነት ነው፤ ወደ ገዳማቱ የሚያወጣው መንገድ አንሸራታች መሆኑም እንደዚያው።

እንግዲህ ለእኔ ሚዛን የደፋው መካከለኛው መንገድ ነው። ልጆቹ አገር ውስጥ የሚማሩ ከሆነ ፍልሰታ ተፈትቶ መስከረም እስኪጠባ ያሉት ቀናት ይመቻሉ፤ ሱባኤው አብቅቷል፣ ትምህርትም አልተጀመረም። ቀድመው ወደ ውጭ የሚመለሱት ሐምሌን ይምረጡ። በማለዳ ተነሥቶ ሁሉም የሚገባበትን አንድ ቦታ ብቻ አይቶ፣ ነፋሱ ሳይነሣ መመለስ ይበቃል። ዳጋና ናርጋ ልጆቹ እስኪያድጉ ይቆዩ። ለሁሉም መንገደኛ፣ ለትንንሾቹም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን፣ ዋጋው ቢረክስም ሰማዩ ቢጠራም፣ ልጆቻችሁን አታሳፍሩ።