የቢሮው ግድግዳ የማን ነው?

ሞላሌ ላይ ይህን ጥያቄ ማንሳት ነገር ፍለጋ ይመስላል። መንዝ ነዋ! ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱ በመንገዱ ያልፋል፣ ሕዝቡ ይከተላል፤ ማን ፈቀደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም በመንገዱ አንከራከርም። ክርክራችን በግድግዳው ነው፤ መታወቂያ ልናሳድስ ስንገባ ከባለሙያው ወንበር ጀርባ ተሰቅሎ በምናየው የቅዱሳን ሥዕል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ስለ ሥዕልና ስለ ጥቅስ ግን አያነሳም። የሚረዳን፣ ቢገርምም፣ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት በነበረችበት በጃንሆይ ዘመን የወጣው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1445 የሕዝብ የሚባለውን የመንግሥት ንብረት በሁለት ይለያል፤ አንዱ ሕዝቡ ራሱ እንዲጠቀምበት የተተወ፣ ሌላው ለመንግሥት አገልግሎት የተመደበ። ሕጉ ይህን ሲጽፍ ሃይማኖትን አላሰበም፤ ልዩነቱ ግን ለእኛ ጉዳይ ልክክ ይላል። መንገድና አደባባይ የፊተኛው ነው፣ ቢሮ የኋለኛው።

አደባባይ በተራ ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ደመራ ይለኮሳል፤ በ2013 ደግሞ ሙስሊሞች መጀመሪያ ተከልክለው በኋላ ተፈቅዶላቸው አፍጥረውበታል። ያን ሰሞን ስንት ተባባልን! ማዕዱ ተነሣ፣ መኪናው ወደ መንገዱ ተመለሰ፣ አለቀ። ግድግዳ ግን ተራ የለውም። ሥዕሉ ዓመቱን ሙሉ ከማኅተሙ ጎን ነው።

የባለሙያዋን ማተብ አውልቂ የሚል ካለ እኛ የለንበትም። ማተብም ሒጃብም የሰውየው ነው፤ በ2017 አክሱም ላይ ሴት ተማሪዎች በሒጃብ ሰበብ ከክፍል ሲቀሩ የተቃወምነውም ለዚሁ ነው። ግድግዳው ግን የባለሙያዋ አይደለም።

«ማንን ጎዳ?» ለሚሉን፣ እስቲ ገልብጠን እንየው። እንጀራ ፍለጋ የወጣ የመንዝ ልጅ ሩቅ አገር፣ ከሌላ እምነት ጥቅስ ሥር ወረፋ ይዟል። ጉዳዩ ሲጓተት «በማተቤ ይሆን?» ይላል። ምናልባት እውነቱ «ሲስተም የለም» ብቻ ነው፤ እሱ ግን በምን ይወቀው? ከይፋት ቆላ ወደ ደጋው ለጉዳይ የሚወጣ ሙስሊምም እንዲሁ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ሥዕሉ በክብር ወደ ቤት ይሂድ። በሚስማሩ ላይ የአገልግሎት ክፍያና ጉዳዩ የሚፈጀው ጊዜ የተጻፈበት ሰሌዳ ይሰቀልበት፤ እሱን ከጠበቅን ቆይተናል።