አረቄን ወይ በወግ ጠጡት፣ ወይ ተዉት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዛንዚባር ፎቶ ለጥፏል። ባሕር፣ ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ በእጁ ደግሞ ሎሚ የተሰካበት የሩም ብርጭቆ። እሰይ፣ ሠርቶ ባገኘው ይዝናና፤ ምቀኛ አይደለሁም። ያናደደኝ ከሥሩ የተደረደረው አስተያየት ነው። ግማሾቻችሁን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፣ ስማችሁን አውቀዋለሁ። «እንኳን ከካቲካላ ነጻ ወጣህ»፣ «መጠጥማ ይሄ ነው፣ የኛው መርዝ ነው»፣ ሳቅ፣ ሳቅ፣ ሳቅ። እሺ። ክፍል ውስጥ ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው።

(አሁን የማስተምራችሁ ልጆችም ይህን ገጽ እንደምታዩ አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እናንተ ኬሚስትሪዋን አንብባችሁ ውጡ።)

ለመሆኑ ሩም ምንድን ነው? ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ስኳሩ ከወጣ በኋላ ጥቁር፣ ወፍራም ዝቃጭ ይቀራል። ሞላሰስ ይሉታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ባርቤዶስ ባሉ የካሪቢያን ደሴቶች፣ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች በሚለፉበት እርሻ፣ ይህ ዝቃጭ እየተብላላ አረቄ ይወጣው ጀመር። ያኔ እንግሊዞቹ ራሳቸው ካወጡለት ስም አንዱ በኛ ቋንቋ «ሰይጣን ገዳይ» እንደማለት ነው። የባሪያና የመርከበኛ መጠጥ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለወታደሩ ሩም በየቀኑ ሲሰፍርለት ኖሮ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ትናንት በሉት። በኋላ በእንጨት በርሜል ዓመታት ተቀምጦ ቀለም አወጣ፣ ያማረ ጠርሙስ ተገዛለት፣ እንዴት እንደሚሸተትና እንደሚቀመስ ለጀማሪ የሚያስረዳ ጽሑፍ ተጻፈለት። አሁን ጌታ ነው። የሌላ አገር ድሃ መጠጥ ሲሆን «ጣዕሙን ማጣጣም»፣ የኛ ድሃ መጠጥ ሲሆን «መርዝ»። ይህን ነው የማልቀበለው።

አረቄ ደግሞ ከእህል ነው የሚወጣው። የተወቀጠ ጌሾ ከውሃ ጋር ሦስት አራት ቀን ይሰነብታል፤ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፤ ድፍድፉ እንደገና አምስት ስድስት ቀን ይብላላል። ከዚያ እሳት ላይ ይጣድና ትነቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ዲስቲሌሽን ስንማር ዕቃው ስለሌለን ሰሌዳ ላይ የሳልኩላችሁ ሥዕል ትዝ ይላችኋል? ብዙዎቻችሁ ቤት ያ ሥዕል ከጓሮ ሲጨስ ያድር ነበር። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ይፈላል ብያችኋለሁ። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃው በ91 አካባቢ ይፈላል፣ አልኮሉም እንደዚሁ ዝቅ ይላል። እሳቱ ከበረታ ውሃው አብሮ እየተነነ ይመጣና አረቄው ይቀጥናል። ባለሙያዋ ግን ቴርሞሜትር የላትም። እንጨት እየጨመረች፣ እያወጣች፣ ዕቃውን በእጇ እየዳሰሰች፣ የሚወርደውን ጠብታ እያየች ታስተካክለዋለች። እኔ በዲፕሎማዬ የማውቀውን እሷ በመዳፏ ታውቀዋለች።

አንዴ የወረደው ተራ አረቄ ነው። እንደገና ሲነጠር ዳግም ይባላል። እንደ አውጪዋ ቢለያይም ተራው 35 በመቶ፣ ዳግሙ 45 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው። ቢራ 5 በመቶ ነው። ያ በዛንዚባር የተደነቃችሁበት ሩም ብዙውን ጊዜ 40 ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ቁጥሩ ላይ አታገኙትም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በየመስከረሙ ተማሪ ስንመዘግብ ቅጹ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ቦታ አለ። እናቷ አረቄ አውጥታ እንደምታሳድጋት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ልጅ «የቤት እመቤት» ብላ ትጽፋለች። ሌላው «ንግድ» ይላል። አንዳንዱ ባዶውን ይተወዋል። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማው ከዚያ ከመቃው በጠብታ የወረደ ነው። ዓይኗ በባሕር ዛፍ ጭስ የተላጠ ሴት ናት ያስተማረችው። ልጁ ግን ቃሉን ለመጻፍ ያፍራል። ያሳፈርነው እኛ ነን፤ «አረቄ ሻጭ» የሚለውን ቃል ስድብ ያደረግን እኛ። በማግስቱ ደግሞ በርሜል ላይ ቁጭ ያለ ነጭ ሰውዬ ፎቶ ያለበትን ጠርሙስ በሺዎች ገዝተን ለሰርግ ጠረጴዛ እናሰልፋለን።

«አረቄ ስንት ቤት አፍርሷል» ትሉኛላችሁ። አፍርሷል! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያ ጨብጦ የሚንቀጠቀጥ ሰው እኔም በየቀኑ አያለሁ። ከመካከላቸው ጎበዝ ተማሪ የነበሩ አሉ፣ አስተማሪም አለ። የሚነደውም እንጨት ተራራችንን አራቁቶታል፤ ይህንንም አልክድም። ግን ቤት ያፈረሰው የጠጪው አጠጣጥ ነው፤ ያ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ሩም ቢጠጣ ቤቱ አይፈርስም ነበር? ሩም የሚጠጣበትን ወግ ከፎቶው ላይ አይታችሁታል፤ ቀስ ብሎ፣ ከምግብ ጋር፣ ተቀምጦ፣ እየተጨዋወቱ። አረቄ ሲሆን ቆማችሁ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በውርርድ፣ ስልክ ተደቅኖባችሁ። ከዚያ ስታስመልሱ «የገጠር መርዝ» ትላላችሁ።

ለቡሄ፣ ለጥር መርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ፣ ወይም ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን ለማየት የምትመጡ (መንገዱ ሰላም ይሁንና ያምጣችሁ፣ እንግዳ ናፍቆናል)፣ ጀማሪ ከሆናችሁ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ባለሙያዋን ማክበር ነው። ከሚታወቅ ቤት፣ ከምትታወቅ ሴት የወጣውን ብቻ ጠጡ። ሰው የሚገድለውና ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል የሚባለው ነው፤ በደንብ ከእህል በተጠመቀ አረቄ ውስጥ የሚኖረው ጥቂት ነው። በየአገሩ ሰው በጅምላ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ የፋብሪካ አልኮል ሲቀላቅልበት ነው። «ክብሪት ጭሬ ፈትኛለሁ፣ ሰማያዊ ነደደ» የሚላችሁን አትመኑ። ሜታኖልም ሰማያዊ ነው የሚነደው! ክብሪት ብርታቱን እንጂ ንጽሕናውን አይናገርም። ጠጥታችሁ በማግስቱ ዓይናችሁ ጭጋግ ከለበሰ ስካር ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ባዶ ሆዳችሁን አትንኩት። የፋርጣ ድንች ተቀቅሎ በአዋዜ ከቀረበ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ግብጦ ካገኛችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ግብጦ ጥሬውን መራራ፣ የሚመርዝም ነው። ተቆልቶ ቀናት ሙሉ ውሃው እየተለወጠ ይነከርና ነው ጥፍጥ ብሎ ከአረቄ ጋር የሚቆረጠመው። ግብጦና አረቄ አብረው የኖሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሁለቱም ያልታገሳቸውን ይጎዳሉ።

መለኪያዋን አትገልብጡ። አሽትቷት፤ የብቅሉና የጌሾው ሽታ ከአልኮሉ ሥር አለ። ትንሽ ትንሽ ጎንጨት አድርጉ፣ ውሃ ከጎናችሁ ይኑር። ዳግም ከሆነ ግማሽ መለኪያ ለጀማሪ ይበቃል፣ ሁለተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አውሩ። ወሬ በኛ አገር አይጠፋም።

ጉና ላይ ደግሞ «ለብርዱ ነው» የሚለውን ተረት ተዉት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀት የመጣ ይመስላችኋል፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ እየሸሸ ነው። ለብርድ ጋቢ አለ።

እኛ ጋባዦቹም አንማርም። «በሞቴ»፣ «አንድ ብቻ»፣ «ናቅኸኝ እንዴ?» እያልን እንግዳውን የምናሰክረው እኛው ነን። ቡሄ በፍልሰታ መሃል ነው የሚውለው፤ ጾሜ ነው ያለን፣ አልጠጣም ያለን፣ መድኃኒት ላይ ነኝ ያለን ሰው ሁለተኛ አትጠይቁ። ሙልሙልና ጠላም አይጠጣ እንደሆነ ቡና አለ።

ዋጋ አትከራከሩ። በሆቴል ለአንድ ብርጭቆ ውስኪ የተባላችሁትን ዝም ብላችሁ ከፍላችሁ የሁለት ሳምንት ድፍድፍ፣ የሌሊት እሳት ያፈሰሰች እናት ጋ ስትደርሱ አሥር ብር ቀንሺልኝ የምትሉ እናንተ ናችሁ። ስትወጡም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ» በሏት። ልጇ ከጎን ቆሞ ይሰማል፤ ምናልባት በመስከረም ቅጹን ሲሞላ ይጽፈዋል።

የመኪናችሁን ቁልፍ ደግሞ ገና ሳትቀመጡ ለማይጠጣው ስጡ። ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው።