አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ አምስት ጥቅል

ምግባችሁ እስኪቀርብ ይህችን ጋዜጣ ከበሩ አጠገብ አንስታችሁ ከሆነ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሻንጣ ነው። ሻንጣ የማይመለከተው ሐበሻ ደግሞ የለም። ለአራት ቀን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እንኳ ሁለት ባለ ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ካልጎተተ የሄደ አይመስለውም። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ፤ ልዩነቱ የእኔ ኪሎ የሚያልቀው በጫማና በሽቶ ሳይሆን በካሜራ ዕቃ መሆኑ ነው።

ካሜራ ስል በፊልም የሚሠራውን ማለቴ ነው። «እሱ ደግሞ ዛሬም አለ?» የምትሉ አትጠፉም። አለ። ኮዳክ በ2012 የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ እርማችንን አውጥተን ነበር (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፤ ፊልሙ ግን ዛሬም ይሸጣል፣ ዋጋውም ሰማይ ወጥቷል። ስልኬ ውስጥ ስንት ሺህ ፎቶ ተከማችቷል፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉት ግን ሁሉም ከፊልም የታጠቡ ናቸው።

ዕቃ ማብዛት ምን እንደሚያስከትል መማር የነበረብኝ በ1996 ኦሎምፒክ ጊዜ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈ ዕለት እዚሁ አትላንታ ስታዲየሙ ውስጥ ነበርሁ። ከጓደኛ የተዋስሁትን ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዣለሁ። ኃይሌ ፖል ቴርጋትን ጥሎ ሲፈተለክ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሌንስ እለውጥ ነበር። ቀና ስል ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ይጮኻል። ከዚያ ቀን የቀሩኝ ሦስት ፎቶዎች የአንድ ባንዲራ የለበሰ ሰውዬ ጀርባ ናቸው።

አልተማርሁም። በ2023 መገባደጃ ላይ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአምስት ቀን ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ አሥራ አምስት ጥቅል ፊልም ጫንሁ። ስብሰባው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ነው፤ ሌንሶቹ ሆቴል ቁም ሣጥን ውስጥ ከረሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አምልጬ ዶሮ ማነቂያ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። ያደግሁበት ቤት ነው። የተላጠውን ግድግዳ፣ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን፣ ከሰሉን፣ ጀበናውን፣ እሷን በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ አራት ጥቅል ጨረስሁ።

ስመለስ የእጅ ሻንጣዬ በኮምፒዩተርና በሌንስ ጢም ብሎ ነበር። ስለዚህ ያነሣሁበትን ፊልም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በበርበሬውና በሽሮው መካከል ወሸቅሁት። እዚህ ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር ሞገድ የመሰለ ግራጫ ጭጋግ ለብሶ ወጣ። የሚጫን ሻንጣ የሚፈተሽበት መሣሪያ ጨረሩ ብርቱ ስለሆነ፣ ያልታጠበ ፊልም ላይ ብርሃን የገባበት ያህል ያበላሸዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቦታ አጥቼ ነው፤ ቦታውን የያዙት ደግሞ አንድም ቀን ያልተነኩት ሌንሶች ናቸው።

በ2024 መጀመሪያ ወራት ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ። አክስቴ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገባች። ከጭጋጉ ውስጥ ለይቼ የማየው የመስኮቱን መቃን ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ለአራት ቀን ሥራ እንደገና ስላክ አልጋው ላይ ዕቃዬን ዘርግቼ ብዙ አሰብሁ። የወሰድሁት አንድ ፔንታክስ ኬ1000 ከነባለ 50 ሚሊሜትር ሌንሱ ነው። ይህ ካሜራ ከ1976 እስከ 1997 የተሠራ፣ ብረቱ የከበደ፣ ጠባዩ የቀለለ ነው። ድንጋዩ ቢያልቅ የሚቆመው የብርሃን መለኪያው ብቻ ነው እንጂ ማንሣቱን አይተውም። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል አንዲት መለዋወጫ ድንጋይ ጨመርሁ። ፍላሽ የለም፣ ማቆሚያ የለም። ፊልሙ አምስት ጥቅል፣ ሦስቱ ቀለም ሁለቱ ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም ባለ 400። ፍጥነታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ጥቅል በለወጡ ቁጥር መለኪያውን ማስተካከል ረስቶ ማበላሸት አይኖርም። በሠላሳ ስድስት ሲባዛ 180 ፎቶ ነው፤ ለአራት ቀን ይበቃል፣ ይተርፋልም። ካሜራውን በሹራብ ጠቅልዬ ከኮምፒዩተሩ ጎን አስገባሁት። እውነቱን ለመናገር ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ከ50 ይልቅ 35 ሚሊሜትር ይሻል ነበር፤ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነው ያነሣሁት። ቢሆንም ሁለተኛ ሌንስ ባለመያዜ አልተጸጸትሁም።

አንድ ካሜራ ብቻ የሚይዝ ሰው ግን ሳይሞክረው አይሂድ። እኔ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ እዚሁ ዱሉዝ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ባለው የባቡር ሙዚየም ግቢ አንድ ጥቅል አንስቼ አሳጠብሁ። ጥቁር ሎኮሞቲቭ በፀሐይ ላይ መለኪያንም መዝጊያንም ይፈትናል።

አየር ማረፊያውን በተመለከተ፦ በአትላንታው የመንገደኞች ፍተሻ ላይ ሲቲ የሚባለው መሣሪያ ገብቷል፤ ሐኪም ቤት እንዳለው ዓይነት ዕቃውን ከየአቅጣጫው እየቆራረጠ የሚያይ ነው። ለፊልም አይበጅም፤ ባለ 400ም ቢሆን አይድንም። ስለዚህ ጥቅሎቹን ከነካርቶናቸው ሳይሆን ካርቶኑን ጥላችሁ በሚታይ ላስቲክ ከረጢት ያዙና «በእጅ ይታይልኝ» በሉ። አሜሪካ ውስጥ ይህን መጠየቅ የተፈቀደ ነው። ካሜራው ውስጥ ፊልም አታስገቡ፣ እሱም መታየቱ አይቀርምና። ጊዜ ይወስዳል፤ ከዱሉዝ በባቡር የሚሄድ የለም፣ 85 ደግሞ ጠባዩን ታውቁታላችሁ፣ ሰዓት ጨምራችሁ ተነሡ። ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚፈተሸው ገና ተርሚናሉ ስትገቡ፣ ኋላም ወደ መሳፈሪያው ስታልፉ ነው። እዚያ «እባክህ ወንድሜ» ማለትና ከረጢቱን ከፍቶ ማሳየት ነው እንጂ በመብት መከራከር አያዋጣም። እኔ ሁለቱንም ጊዜ በትሕትና ጠይቄ በእጅ ታይቶልኛል።

ለሥራ የሄደ ሰው የራሱ የሆነው ሰዓት ማለዳ ነው። የሰዓት ልዩነቱም ሌሊት ስለሚቀሰቅስ ይረዳል። ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ የቀትሩ ፀሐይ የሰውን ዓይን ጉድጓድ ያስመስለዋል። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከቅዳሴ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጠላ የለበሰች እናት ስታነሡ መለኪያው ነጩን ልብስ አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይላችኋል። ካመናችሁት ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ ፊቷን ብቻ ለኩ፣ ቁጥሩን ሳትነኩ ወደ ኋላ ተመለሱና አንሡ። ነጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ነው የማይምር። ጥፋቱ ሁልጊዜ የእኛ አልነበረም፤ ድሮ ላብራቶሪዎች የቀለም ፎቶን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚሉት፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የሠርግ አልበማችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ የሙሽራዋ ቬሎ ጥልፉ ሳይቀር ይቆጠራል፣ የሚዜዎቹ ፊት ግን ጥርስ ብቻ ነው።

አክስቴ ካሜራዋን አየችና «አንተ ልጅ፣ ያ ሁሉ ዕቃህስ?» አለችኝ።

«ትቼው መጣሁ እትዬ።»

«ተሰረቅህ?»

«አይ፣ ከበደኝ።»

«እንኳን ተውኸው። ባለፈው ስትጎነበስ ስትነሣ ቡናውን ሳትጠጣው ነው የሄድኸው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የጠጣሁ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ሦስቱንም ጠጣሁ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በመካከሉ አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ አነሣሁ። ስለ ድሮው ቤት ስንጨዋወት መስኮቱ በየት በኩል እንደነበር በእጇ ስታሳየኝ ያነሣኋት አንዷ ናት የተሳካችው። እጇ ትንሽ ተንቀሳቅሷል፣ ፊቷ ግን ጥርት ብሏል።

አሳጥቤ ሁለት ቅጂ አሳትሜያለሁ። አንዱ ግድግዳዬ ላይ ነው። ሁለተኛው በፖስታ ታሽጎ ይህን ጋዜጣ ባነሣችሁበት ምግብ ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ ዘንድ ተቀምጧል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድና ቦታ የተረፈው ወገን ካለ ይውሰድልኝ፤ ክብደቱ ከአንድ ደብዳቤ አይበልጥም። እባካችሁ በእጅ ሻንጣ ይሁን። የታጠበ ፎቶ ጨረር አይጎዳውም፣ በርበሬ ግን ይነካዋል።