የሚታከመው ሰው ነው ወይስ ፊልሙ?

«ወገብሽ የሰባ ዓመት አሮጊት ወገብ ነው። ዲስክሽ አልቋል። ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትዪ፣ ዕቃም እንዳታነሺ።»

ይህ የተነገረው እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጆቿን ለምታሳድግ የሠላሳ አራት ዓመት ጎረቤቴ ነው። የተናገረው ደግሞ ሐኪም ነው። የኤምአርአይ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየ፣ የጠቆረውን ቦታ በእስክሪብቶ አሳያት፣ ፈረደ። ወገቧን አልዳሰሰም። አስተኝቶ እግሯን ቀጥ አድርጎ አላነሳም። በጣቶቿ ጫፍና በተረከዟ እንድትራመድ አላደረገም። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ሌሊት ያልብሻል ወይ፣ ከስተሻል ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ዛሬ ምጣዷ አክንባሎውን እንደደፋ ተቀምጧል። የሊጡን ባልዲ የሚያነሳላት ሰው መቅጠር አትችልም፤ ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሄደዋል፤ ጫማዋን የምታስርላት ትልቋ ልጇ ናት። እንዲህ ያደረጋት ህመሙ አይደለም። ህመሙ እያለባትም ስትጋግር ነበር። እንዲህ ያደረጋት ያ ንግግር ነው።

የአንድ ሐኪም ችኮላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ነገሩ ግን ልማድ ሆኗል። ወገቡን ያመመው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ኤምአርአይ ተነሳ» ይባላል። ከዚያ «ዲስክ መንሸራተት» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ስሙን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ቢሮ ውስጥ ወንበር ለመግፋት የሚፈራ፣ ልጁን ማቀፍ ያቆመ፣ ስግደት የተወ፣ ሁሉም «እኔ እኮ ዲስክ አለብኝ» ይላል። የወገቡን ምስል በስልኩ ይዞ እየዞረ ለየሰዉ የሚያሳይ ስንት ሰው አለ!

«ምስሉ ላይ ታይቷል እኮ» ይሉናል። አዎ፣ ታይቷል። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፤ ምንም የማያመው ሰው ተነስቶ ቢሆን ምን ይታይ ነበር? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ በምስል መፍረድ ሕክምና አይደለም። መልሱ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታትሞ የተቀመጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ ጥናት የወገብ ህመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች ኤምአርአይ አነሳ። ምስሎቹን ያነበቡት ሐኪሞች የማን እንደሆኑ እንዳያውቁ የታማሚዎች ምስል አብሮ ተቀላቀለበት። ምን ተገኘ? ከእነዚያ ጤነኞች ሁሉም ዲስኮቻቸው ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች ወደ ሥራቸው የሚሄዱ፣ አንዳች የማያማቸው ሰዎች ናቸው። እኛ አገር ቢሆኑ ግን የወገብ ቀበቶ ታስሮላቸው፣ መርፌ ተወግተው፣ «አትጎንበሱ» ተብለው ወደ ቤታቸው በተላኩ ነበር።

በ2015 ደግሞ 33 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመዘኑ። በጠቅላላው 3,110 ወገባቸውን የማያማቸው ሰዎች ናቸው። የዲስክ ማርጀት የታየው በሃያ ዓመት ወጣቶች ላይ በ37 በመቶው ነው። በሠላሳ ዓመት 52፣ በአርባ ዓመት 68፣ በሃምሳ ዓመት 80፣ በሰማንያ ዓመት 96 በመቶ። ልብ በሉ፤ ሁሉም ጤነኞች ናቸው። እንግዲህ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ካሉ ጤነኛ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ያረጀ ዲስክ ካላቸው፣ የጎረቤቴ ወገብ «የሰባ ዓመት አሮጊት ወገብ» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ወገብ ነው። የተነገራት ሐሰት ነው። ሐኪሙ ይህን ቁጥር ካላወቀ ኤምአርአይ ማዘዝ አልነበረበትም፤ እያወቀ ከደበቃት ደግሞ የባሰ ነው።

ያ ጥቁር ቀለም ምን እንደሆነ ማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል 23 ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ ውጪው ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ውሃ የበዛበት ልስልስ ነገር ነው። አዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ በቀጥታ የሚገባ የደም ሥር የለም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡን ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች እየተንጠፈጠፈ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ከሌላው የሰውነት ክፍል ቀድሞ፣ ገና በወጣትነት፣ ውሃው መቀነስ ይጀምራል። ኤምአርአይ ላይ ውሃ የያዘው ነጭ ሆኖ፣ የደረቀው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በእስክሪብቶ የሚጠቆመው ይኸው ነው። ዲስክ ጨርሶ አያምም እያልኩ አይደለም፤ ሊያም ይችላል። ግን የደረቀ ዲስክ ስለታየ ብቻ የህመሙ ምክንያት እሱ ነው ማለት ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ግድግዳው ላይ የኖረውን ስንጥቅ እንደ መክሰስ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ጥፋቱን በታማሚዋ ላይ መጫኑ ነው። «ሊጥ ተሸክመሽ፣ ምጣድ ሥር ጎንበስ ብለሽ ነው ያበላሸሽው» ተብላለች። በፊንላንድ መንታ ወንድማማቾችን ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ቪደማንና ባቲዬ የደረሱበት ከዚህ የተለየ ነው። አንዱ መንታ ዕድሜውን በከባድ ጉልበት ሥራ፣ ሌላው በቀላል ሥራ ቢያሳልፉም ዲስኮቻቸው ተመሳስለው ተገኙ። ትልቁን ድርሻ የያዘው የዘር ውርስ ነው፤ የሸክም ድርሻ ትንሽ ነበር። ድሃ ሴት በጉልበቷ ሠርታ ስላደረች የራሷን ወገብ እንዳጠፋች ተነግሯት የምትወጣበት የምርመራ ክፍል ሊያሳፍረን ይገባል።

«ይሁን፣ ቢያንስ መጠንቀቁ አይጎዳትም» የሚሉኝ አሉ። ይጎዳታል። በ1995 በሄልሲንኪ ከተማ ድንገተኛ የወገብ ህመም የያዛቸው 186 ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፣ አንዱ የወገብ እንቅስቃሴ ተሰጠው፣ ሦስተኛው አቅሙ እንደፈቀደ የዘወትር ሥራውን ቀጠለ። ፈጥኖ የዳነው ሥራውን የቀጠለው ነው። ጎንበስ ማለት የፈራ ሰው ጡንቻው ይላላል፣ እንቅልፉ ይበላሻል፣ ገቢው ይቋረጣል፣ እያንዳንዷን ውጋት «ተሰበረ» ብሎ ይተረጉማታል። ከስድስት ወር በኋላ በእርግጥም ሕመምተኛ ይሆናል። ያኔ ፊልሙ «እውነት ነበር» ይባልለታል።

ኤምአርአዩስ ምን ጠቀመ? በአሜሪካ 380 የወገብ ታማሚዎች ግማሾቹ ኤምአርአይ፣ ግማሾቹ ተራ ራጅ ተነስተው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታዩ በህመምም ሆነ በመንቀሳቀስ ልዩነት አልተገኘባቸውም፤ ውጤቱ በ2003 ታትሟል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ተበድሮ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ ይነሳል። ከዚያ ፊልሙ ራሱ ሌላ ወጪ ይወልዳል። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ያለ ቀዶ ሕክምና ዲስክን ወደ ቦታው የሚመልስ» የሚባል የወገብ መሳቢያ ማሽን ይተዋወቃል፤ ቀበቶው ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም መሳቢያንም፣ ቀበቶንም፣ የአልትራሳውንድ ሕክምናንም አትስጡ ብሏል። እንቅስቃሴን፣ ታማሚውን በቅጡ ማስረዳትን፣ ስቃዩ ከአእምሮ ጭንቀት ጋር ሲተሳሰር ለዚያም ዕርዳታ መስጠትን ነው የመከረው። ይህን የሚያስታውቅ ማስታወቂያ አላየሁም።

መኪናውን ወይም ቤቱን ሸጦ «ብረት ሊያስገባ» ወደ ሕንድ ወይም ባንኮክ የሚሄደውም አለ። በ2005 በብሪታንያ በ349 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ፣ ለቆየ የወገብ ህመም አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ቀዶ ሕክምና ከጠንካራ የማገገሚያ ሥልጠና ይበልጣል የሚያሰኝ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ይህን ቀድሞ የነገረው ማን ነው? የሸኘው ሐኪም? የሕክምና ጉዞውን ያዘጋጀው ደላላ?

ምስል የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ የምቆጣውም ስለ እሱ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም እምቢ ያለው፣ በመቀመጫውና በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ እግሩ ከቀን ወደ ቀን የሚዝለው፣ ካንሰር የነበረበት፣ ከፍታ ላይ የወደቀው ሰው ዛሬውኑ መነሳት አለበት። የምንኖረው ቲቢ ባለበት አገር ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሲጀምር ተራ የወገብ ህመም ይመስላል፤ ከዚያ ትኩሳቱ፣ የሌሊት ላቡ፣ መክሳቱ ይመጣል፤ ቢዘገይ አከርካሪ ያጎብጣል፣ እግር ያሽመደምዳል። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት አካባቢ ብሩሴሎሲስ አለ። እነዚህን ለመጠርጠር መነጋገርና መዳሰስ ይበቃል። ለተራ ህመም ኤምአርአይ የሚያዘው፣ ስለ ትኩሳትና ስለ ላብ ግን የማይጠይቀው ሐኪም ሁለቱንም ታማሚዎች በድሏል፤ አንዷን ያለ ምክንያት አስፈርቷታል፣ ሌላው ወረፋ ላይ እያለ እግሩን እንዲያጣ አድርጎታል። ነርቭ ተነክቶ እግር ድረስ የሚወረወር ህመም ያለባቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል፤ የወጣውን የዲስክ ቁራጭ ሰውነት ራሱ አሟሙቶ ሲያጠፋው በተደጋጋሚ ታይቷል።

«ታማሚው ራሱ ነው ኤምአርአይ ካላዘዝክልኝ የሚለው» የሚለውን መከላከያ አልቀበልም። ያለ ፊልም ሕክምና እንደሌለ ያስተማረው ማን ሆነና ነው? በአንድ ቀን ስልሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ። ጊዜ ማጣት ግን ያላወቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ ለመፍረድ ፈቃድ አይሰጥም። «ዕድሜሽ የሚያመጣው ለውጥ ነው፤ አደገኛ ምልክት የለብሽም፤ ቀስ እያልሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ማለት «ዲስክሽ አልቋል» ከማለት አይረዝምም።

አንባቢ ሆይ፣ ወገብህን ሲያምህና ኤምአርአይ ሲታዘዝልህ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ምን ጠርጥረህ ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን በምን ይለውጠዋል? በእኔ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ቢነሳስ ምን ይታይበታል? መልስ ካላገኘህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ፤ እጁን ወገብህ ላይ የሚያሳርፍ ሐኪም ፈልግ።